አደራ የተሰጠው ልጅ

ሥነ ምግባርን በቃል ማስጠናት ይቻላል፤ በጥያቄ ማከራከር ይቻላል፤ ኃላፊነት ሰጥቶ ማለማመድም ይቻላል። የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መምህር ሆኜ ሦስቱንም አይቻቸዋለሁ። ፍሬያቸው እኩል አይደለም።

የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የመማሪያ መጽሐፋችን ከሕግ የበላይነት እስከ ቁጠባ 11 እሴቶችን ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ይሸመድዷቸው ነበር። ነገር ግን ስለ ኃላፊነት አሳምሮ የጻፈው ልጅ በዚያው ፈተና ላይ ሲኮርጅ ይያዝ ነበር። ሃርትሾርን እና ሜይ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳይተዋል፦ ደግና ክፉውን ማወቅ ብቻውን ልጅን ከማጭበርበር አያግደውም፤ አንድ ቦታ ታማኝ የሆነውም ሌላ ቦታ ሊያታልል ይችላል።

ሁለተኛው ክርክር ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ላውረንስ ኮልበርግ የታወቀበትን ጥያቄ ለክፍሉ አቀረብኩ፦ ሚስቱ ልትሞትበት ያለች ሰው፣ መግዛት ያቃተውን መድኃኒት ቢሰርቅ ልክ ነው? ዝምተኞቹ ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። ልጆቹ ራሳቸውን በሌላው ቦታ አድርገው ማሰብ ጀመሩ። ደወሉ ሲደወል ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ከተከራካሪዎቹ ምንም የጎደለበት የለም።

ሦስተኛው ኃላፊነት መስጠት ነው። ኮልበርግ ራሱ በክርክር ብቻ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካምብሪጅ ከተማ፣ ተማሪና መምህር እኩል ድምፅ ኖሯቸው ደንብ የሚያወጡበት ትምህርት ቤት እንዲቋቋም አገዘ። እኔም የክፍሉን የኳስ መዋጮ ለተማሪዎቹ ተውኩላቸው። የመረጡት ገንዘብ ያዥ በየዓርቡ ገቢና ወጪውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። አንድ ዓርብ 10 ብር ጎደለ። ልጁ በላብ ተጠምቆ ደብተሩን ገለጠና እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። ኳሷን ለማስነፋት የከፈለውን ሳይመዘግብ ቀርቶ ነበር። ክፍሉ ተመካክሮ፣ ከእንግዲህ ማንኛውም ወጪ በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን ብሎ ወሰነ። ያንን ደንብ እኔ አላስጻፍኳቸውም፤ ስለዚህም ሳልቆጣጠራቸው ጠበቁት።

ቃሉም ክርክሩም ያስፈልጋል፤ ልጅ የሚሠራውን ማወቅ፣ ለምን እንደሚሠራውም ማሰብ አለበት። ታማኝነት የሚጸናው ግን የሌላ ሰው ነገር በእጁ ሲገባና ተጠያቂ ሲሆን ነው። በየሰፈራችን ዕድር የሚቆመው ሒሳቡ በአባላት ፊት ስለሚነበብ ነው። መምህራንም ወላጆችም ለልጆቻችን አነስ ያለች አደራ እንስጥ፤ ሒሳቧንም በሰው ፊት እንቀበላቸው።