የካርዱ ፊትና ጀርባ

ጥቅምት በመተማ የገንዘብ ወር ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ደርቆ ይራገፋል፤ ከደጋ ወርዶ የከረመው የቀን ሠራተኛም የላቡን ዋጋ በኪሱ ይዞ ወደ ባንክ ይመጣል። እኔ ከመስኮቱ ወዲህ ተቀምጬ ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ፊርማ ከፊርማ አመሳክራለሁ፤ ማኅተም አሳርፋለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ጣቶቼ ብር ብር ይሸታሉ።

ባለፈው ጥቅምት በቤቴም ሌላ ቆጠራ ነበር። ታናሽ እህቴ የሕክምና ትምህርቷን ጨርሳ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አንድ ጊዜ ወድቃ፣ ለሁለተኛው ልትዘጋጅ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። ያስቸገራት ፋርማኮሎጂ ነው። የመድኃኒቱ ስም፣ አሠራሩ፣ መጠኑ፣ ጉዳቱ፤ ዛሬ የገባው ነገ ይወጣል። ስለዚህ በማስታወሻ ካርድ ለማጥናት ቆረጠች።

«ጋሼ፣ አንተ መቼም ወረቀት ስትለይ ነው የምትውለው፤ እስቲ ምረጥልኝ» አለችኝ።

ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው ጓደኛዋ ያዋሰቻት፣ በአሜሪካ የታተመ፣ ባለ ቀለም የካርድ ጥቅል ነው። ሁለተኛው በስልኳ የተጫነ፣ ተማሪዎች እርስ በርስ የሚቀባበሉት፣ ብዙ ሺሕ ካርድ ያለው ስብስብ ነው። ሦስተኛው ገና ያልተጻፈ ባዶ ካርቶንና መቀስ ነው።

ሕክምና አላውቅም፤ ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። አንዱን ካርድ አንሥቼ እንደ ብር ኖት ፊቱንና ጀርባውን አየሁ። በፊቱ የመድኃኒት ስም፣ በጀርባው ማብራሪያ። የታተመው ያማረ ነው፤ ስለ ኮሌስትሮል፣ ስለ ድብርት፣ ስለ ደም ግፊት በሰፊው ይናገራል። በእኛ ቆላ በሰው ሁሉ አፍ ያለው ካላዛር ግን ከሌሎች መካከል አንድ መስመር ብቻ ደርሶታል። እህቴ ግን ቶሎ አትናቀው አለችኝ፤ ደም ግፊትና ስኳር እኛም ዘንድ ሞልቷል፣ የመድኃኒት አሠራርም የትም አገር ያው ነው። ያን ማታ ሳንመርጥ ተኛን።

በማግስቱ አንድ ወጣት በመስኮቴ ፊት ቆመ። ገንዘቡን ለእናቱ ሊልክ ነው። ፊቱ ገርጥቷል፤ ክንዱ እንደ ሰሊጥ ዘንግ ቀጥኗል፤ ሆዱ ግን ከቀበቶው በላይ ተነፍቷል። እጁ ስለተንቀጠቀጠ ሁለት ጊዜ አስፈረምሁት። «ወባ ነው» አለኝ እንደማፈር ብሎ፤ «ክኒኑን ስወስድ ይኸው ሦስተኛዬ፤ አልለቅ አለኝ።» «እግዜር ይማርህ» አልሁትና ደረሰኙን ሰጥቼ ቀጣዩን ጠራሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር።

ማታ ለእህቴ ነገርኋት። መቀሱን አስቀመጠች። «ትኩሳቱ ከጀመረው ስንት ጊዜው ነው? ሁለት ሳምንት አልፎታል? ነስር አለው? በምን እርሻ ነው የሚሠራው? ሆስፒታል ሂድ አልኸው?» ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። እኔ የጠየቅሁት ፊርማውን ብቻ ነው።

እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በግራር ሥርና በተሰነጠቀ ዋልካ አፈር ውስጥ ትጠለላለች፤ ሠራተኛው ደግሞ የሚያድረው እዚያው ነው። በሽታው ካልታከመ ከ100 ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። የወባ ክኒን አይነካውም። ከዚያም ባዶ ካርቶን ቆረጠችና በፊቱ ላይ የመድኃኒት ስም ሳይሆን ይህን ጻፈች፦ «የሰሊጥ ሠራተኛ፣ ረጅም ትኩሳት፣ የከሳ፣ ሆዱ ያበጠ፣ ለወባ ሦስት ጊዜ የታከመ። ምን ትመረምሪያለሽ? ምን ትሰጫለሽ?»

ምርጫችን ያን ጊዜ ተፈጸመ። በታተመው ካርድ መድኃኒቱ ይቀድማል፤ በሕይወት ግን ሰው ይቀድማል። የስልኩን ስብስብ ለአሠራርና ለስም አቆየችው፤ ሕመምተኛ ያለበትን ካርድ ግን በእጇ ጻፈች። በኮአርተም ካርድ ፊት ቀኑን ሙሉ ሰሊጥ ሲያጭድ ውሎ ደረቅ እንጀራ የሚበላ ሰው አስቀመጠች፤ በጀርባው በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር፣ አለዚያ መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደም አይገባም ብላ ጻፈች። የካላዛሩ ካርድ ጀርባ ሁለት መርፌ ያዘ፦ ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን፣ በየቀኑ፣ ለ17 ቀን። ጉዳታቸው እየተምታታ ሲያስቸግራት እኔም በግጥም ልክፍቴ ገባሁበት፦

አንዱ ልብን ይነካል፣ ቆሽትም ያሳምማል፤
ሌላው ጆሮ ደፍኖ ኩላሊት ያደክማል።

ሳቀችብኝ፤ ግን ጻፈችው።

ከዚያ በታች ሌላ መስመር ጨመረች፦ ሕመምተኛው ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ካለ መልሱ ይለወጣል፤ አምቢሶምና ሚልቴፎሲን በአንድነት ይሰጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ይህን ሲመክር ከተመረኮዘባቸው ጥናቶች አንዱ በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደ ነው። ይህን ስሰማ ዝም አልሁ። እንዲህ በመስኮቴ የሚያልፉ ሰዎች፣ ክንዳቸውን ሰጥተው፣ የዓለምን ካርድ ጀርባ አጽፈዋል ማለት ነው። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ራሱ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺሕ ሰው ከፈጀ በኋላ ነበር። እዚህ ትምህርቱን የጠራው ሕመሙ ነው።

ካርዶቹን ያኖርናቸው በብስኩት ካርቶን ነው፤ ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጀርመናዊ በ1972 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ባሳወቀው ዘዴ በአምስት ክፍል ከፈልነው። የተመለሰ ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ በየክፍሉም የሚጠየቅበት ቀን እየራቀ ይሄዳል። የተሳሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ የመጀመሪያው በየቀኑ ይነሣል።

እህቴ ፈተናውን ገና አልተቀመጠችም። ወጣቱንም ከዚያ በኋላ በመስኮቴ አላየሁትም፤ ሰልፍ ባየሁ ቁጥር ግን ፊቶችን እመለከታለሁ፤ የገረጣ ካየሁም ከፊርማው በፊት ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደሆነው እጠይቃለሁ።

አንድ ማታ ካርቶኑን ሳስተካክል የእርሱን ካርድ በመጀመሪያው ክፍል አገኘሁት። «ይህን እኮ በቃልሽ ታውቂዋለሽ፤ አምስተኛው ክፍል መድረስ ነበረበት» አልኋት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለችኝ። «በየቀኑ ላየው ፈልጌ ነው።»