ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውነቴ አልለመደውም?

ሰሞኑን ከደምበጫ ዙሪያ የመጡ አንድ አባት ሳል ይዟቸው አየኋቸው። ከታናሽ ወንድማቸው ኩላሊት ከተቀበሉ ሦስት ዓመታቸው ነው። «ዶክተርዬ፣ የእናቴ ልጅ ኩላሊት እኮ ነው፤ እስካሁን ሳይለምደው ይቀራል? ይሄ መድኃኒት አሁንስ ይብቃኝ» አሉኝ። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ክትትሉ አዲስ አበባ ድረስ ያመላልሳል። ድካማቸው ይገባኛል።

ግን አይለምደውም።

ሴሎቻችን ላይ ኤችኤልኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ እንደ መታወቂያ ቁጠሯቸው። ግማሹን ከአባት፣ ግማሹን ከእናት እንወርሳለን። ስለዚህ የአንድ እናትና አባት ልጆች እንኳ ይህ መታወቂያቸው ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ከአራት አንዴ ነው። ቢገጥምም ሌሎች ጥቃቅን ልዩነቶች ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ላይ የተሳካው የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ፍጹም ተመሳሳይ በሆኑ መንትዮች መካከል ነበር፤ ያለ መድኃኒት የቆየውም ለዚህ ነው። በአገራችን ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር ሰጪዎቹ የሥጋ ዘመዶች ነበሩ። ዝምድና ይረዳል፣ መድኃኒት ግን አያስቀርም።

ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የማያውቁትን መታወቂያ ሲያዩ ኩላሊቱን እንደ ቫይረስ ይዋጉታል። ታክሮሊመስን የመሰሉ መድኃኒቶች እነዚህን ሴሎች ያዝ ያደርጓቸዋል እንጂ አያስረሷቸውም። ሲቆም ይነሳሉ። ክፋቱ፣ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ሽንት ሳይቀንስ፣ እግር ሳያብጥ በፊት ክሬአቲኒን ከፍ ይላል፤ «ደህና ነኝ» እያላችሁም የደም ምርመራ የምናዘው ለዚህ ነው።

እናቶች፣ እርግዝናም ሰውነትን ያስተምራል። ልጅ ግማሽ መታወቂያው የአባቱ ስለሆነ፣ አንዳንድ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ በዚያ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ታበጃለች። ልጇ ኩላሊት ልስጥሽ ቢላት ላይስማማት ይችላል። ደም መውሰድም እንዲሁ ያደርጋል፤ ንቅለ ተከላ የምትጠብቁ ደም ከመውሰዳችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ።

ጾም ወይም ጸበል ካላችሁ አትደብቁን፤ ሰዓቱን አብረን እናመቻቻለን። ለሳልም ብላችሁ ከመድኃኒት ቤት ኤሪትሮማይሲን አትግዙ፣ ታክሮሊመስን በደም ውስጥ ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ኩላሊቱን ይጎዳል። ትኩሳት ካለ ደግሞ በዚያው ቀን ኑ።