ዕድልና ጥረት በንግድ

«ነጋዴ የሚከብረው በአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚሉ አሉ። «የለም፣ በጥረቱ ነው» የሚሉም ሞልተዋል። እስቲ ደሴንና ኮምቦልቻን አይተን እንፍረድ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱ ከተሞች ገባ፤ ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲወጣ ብዙ ሱቅና ፋብሪካ ተዘርፎ ነበር። በሰፈራችን ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት የጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ማልደው የሚከፍቱ፣ ሲለኩ የማያጎድሉ። አንደኛው ያለውን ገንዘብ ሁሉ ሸቀጥ ገዝቶበት ነበርና ባዶ መደርደሪያ ጠበቀው። የሁለተኛው ሸቀጥ ግን የጭነት መኪና ጠፍቶ አዲስ አበባ በመቆየቱ ተረፈ። ዛሬ ሰዉ ይኼኛውን «ብልህ»፣ ያኛውን «ንግድ አያውቅበትም» ይላል። መኪና ማጣትም ብልህነት ሆነ እንዴ?

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከዝርፊያው አላመለጠም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ አስወጣች። ስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ትሠራ የነበረችው ልጅ ምን አጠፋች?

ጥረት ይቅር ማለቴ አይደለም። ያልሠራ ሰው ዕድል ብትመጣለትም መያዣ የለውም። ግን እኛ የነገ መምህራን «የሠራ አይደኸይም» ብለን ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችን በፊት፣ ከፊታችን ከሚቀመጡት ልጆች መካከል አባቱ ሠርቶ የተዘረፈበት እንዳለ እናስብ።