አስቴር ጋኖና የእናትዋ ቋንቋ

በነገሌ ቦረና ገበያ የሚሰማው የኦሮሞ ቋንቋ በወለጋም አገር ይነገራል። ይህንኑ ቋንቋ ከእናትዋ አፍ የተማረች አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ ነበረች። ገና በልጅነትዋ ለባርነት ተሸጠች፤ ነጋዴዎችም ወደ ዐረብ አገር ሊያሻግሩዋት በመርከብ ጫኑዋት። ነገር ግን በአውሮጳ አቈጣጠር በ1886 ዓመት የኢጣሊያ መርከብ ደርሶ ነጻ አወጣት።

ከዚህም በኋላ በምጥዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። አገሩ ባዕድ ነበረ። አስቴር ዘመዶችዋን ሁሉ ተነጥቃ ነበር፤ ቋንቋዋን ግን ማንም ሊወስድባት አልቻለም። ስለዚህ በልብዋ የያዘችውን ዘፈን፥ ተረትና ምሳሌ ጻፈች፤ ቍጥሩም ወደ 500 ደረሰ።

በዚያም አናሲሞስ ነሲብ የሚባል መምህር ነበረ፤ እርሱም እንደ እርስዋ ከባርነት የወጣና በስዊድን አገር የተማረ ነው። ሁለቱ በአንድነት በኦሮሞ ቋንቋ የማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ ይህም በ1894 ዓመት በግዕዝ ፊደል በእምኩሉ ታተመ። በ1904 ዓመትም ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ ልጆችን በእናታቸው ቋንቋ አስተማሩ። የተሸጠችው ልጅ አስተማሪ ሆና ገባች።

ልጆች ሆይ፥ ገንዘብ ይዘረፋል፥ ሰውም ከአገሩ ይሰደዳል፤ በልብ የተያዘ ትምህርት ግን ከባለቤቱ ጋራ ይሄዳል። እንግዲህ ከእናታችሁ የሰማችሁትን አትናቁ፤ ያወቃችሁትንም ለታናሾቻችሁ አስተምሩ።