የጓሮው እንግዶች

ጓሮ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ከመኖሪያ ቤት ጀርባ ወይም ጎን በአጥር ተከልሎ የሚገኝ፣ በስፋቱ ከእርሻ ማሳ እጅግ የሚያንስ፣ በያዘው የተክል ዓይነት ግን ማሳውን ብዙ ጊዜ የሚበልጥ መሬት ሲሆን፣ በሬ የማይጠመድበት፣ በእጅ እየተኮተኮተ የሚለማና በአብዛኛው በቤቱ እመቤት ሥልጣን ሥር የሚተዳደር ስፍራ ነው። ስለዚህ ስፍራ የሚነገረው ውዳሴ ከአንድ ሐሳብ ርቆ አያውቅም፤ የጥንቱ ባላገር ቃሪያውን ቀንጥሶ፣ ጎመኑን ቀጥፎ፣ ጌሾውን ወቅጦ፣ ከማንም ሳይለምንና ከማንም ሳይሸምት ራሱን ችሎ ይኖር ነበር ይባላል። አባባሉ ሽንኩርት በተወደደ ሰሞን በከተማ ሰው ላይ ቁጭት መጨመሩ ባይካድም፣ የጓሮው ነዋሪዎች የዘር ሐረጋቸው አንድ በአንድ ሲቆጠር የሚገኘው ውጤት ሌላ ነው። ከማንም አልፈልግም ይል ነበር የተባለው ጓሮ፣ በብዙ ምዕት ዓመታት ውስጥ ከሩቅ የመጣውን ሁሉ ሲያስገባና ሲያላምድ የኖረ፣ ያስገባውንም እንግዳ የአገር ተወላጅ አድርጎ ያስመዘገበ ስፍራ ነው።

ቆጠራው ከበርበሬ ቢጀመር ተገቢ ይሆናል፤ በአበሻነታቸው ከሚኮሩት የጓሮ ተክሎች መካከል እንደ እርሱ ከሩቅ የመጣ ጥቂት ነውና። በርበሬ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ካፕሲከም ብለው በሰየሙት አንድ ወገን ውስጥ የሚመደቡ ሲሆኑ፣ የወገኑ ሁሉ መነሻ የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ስለዚህም ክሪስቶፈር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን እስኪሻገር ድረስ ከዚያ አህጉር ውጭ አንድም ምላስ በእርሱ አልተቃጠለም። ከዚያ በኋላ የፖርቱጋል መርከቦች ዘሩን በአፍሪካና በሕንድ ዳርቻዎች አዳረሱት፤ ወደ ኢትዮጵያም የገባው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ እንደሆነ ይታመናል። ይህም ማለት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ግብር ሲያበሉ በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ በበርበሬ የቀላ ወጥ ሳይቀምሱ አልፈዋል ማለት ነው። በቆሎም ከዚያው አህጉር ተነሥቶ የመጣ ሲሆን፣ ድንች ደግሞ ከሁሉም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ፣ በትግራይ ይኖር በነበረው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር አማካይነት እንደገባ ይጠቀሳል፤ ዛሬ ግን በጾም ቀን ማዕድ ላይ የያዘውን ስፍራ የሚያይ ሰው ድንች ከተስዓቱ ቅዱሳን ጋር የመጣ ሊመስለው ይችላል።

የዚህ ሁሉ ማጠቃለያ የሚገኘው በዶሮ ወጥ ድስት ውስጥ ነው። ዶሮ መጀመሪያ የተላመደችው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲሆን፣ በትግራይ መዝብር በሚባለው ጥንታዊ ስፍራ በቁፋሮ የተገኙትና ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው አንደኛው ሺህ ዓመት የሚመደቡት የዶሮ አጥንቶች በአፍሪካ ከተገኙት እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት መካከል ይቆጠራሉ። ሽንኩርቱ ከመካከለኛው እስያ፣ በርበሬው ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ ከቅመሙ መካከል ባለአገር ነኝ ለማለት የሚችለው ከደቡብ ምዕራብ ደን የሚገኘው ኮረሪማ ሲሆን፣ ከሥር የተነጠፈው የጤፍ እንጀራም ያለ ጥርጥር የአገሩ ነው። እንግዲህ በዓመት በዓል ማለዳ አገር ያፈራው ሁሉ ቀረበ ተብሎ የሚባረከው ማዕድ፣ ቢያንስ የሦስት አህጉራት ስብሰባ ነው።

ይህ ሲባል ጓሮው የራሱ ተወላጆች የሉትም ማለት አይደለም። ሩሲያዊው የእርሻ ዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 በአገሪቱ ተዘዋውሮ የእህልና የአትክልት ዝርያዎችን ከሰበሰበ በኋላ፣ ኢትዮጵያን በዓለም ላይ የተላመዱ ተክሎች ከፈለቁባቸው ጥቂት ማዕከላት አንዷ አድርጎ መድቧታል፤ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ እነዚህን ዝርያዎች በዘር መልክ በቅዝቃዜ የሚያቆይ የዘር ባንክ በአዲስ አበባ ተቋቁሟል። ከተወላጆቹ መካከል ለጠላና ለጠጅ ምሬት የሚሰጠው ጌሾ፣ ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ኮሰረትና የሀበሻ ጎመን ይገኙበታል። የጎመኑ ታሪክ ግን ተወላጅነትንም ቢሆን በጥንቃቄ መናገር እንደሚያሻ ያሳያል፤ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት የሀበሻ ጎመን ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን በተፈጥሮ መዳቀል የተገኘ በመሆኑ፣ ንጹሕ ተወላጅ ነው የሚባለው ራሱ ድብልቅ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጎመን ብለው የሚቀቅሉት በዚያ አገር ደቡባዊ ግዛቶች የተለመደውን ቅጠል ሲሆን፣ ቅጠሉ የጥቅል ጎመን ወገን እንጂ የሀበሻ ጎመን አይደለም፤ ሆኖም የጎመኑ ቅድመ አያት ዘመድ ነውና ማዕዱ ላይ ተቃውሞ አልተነሣበትም። በአንጻሩ ለቡና፣ ለአይብና ለሆድ ቁርጠት የሚቀነጠሰው ጤና አዳም፣ በየጓሮው በር ላይ እንደ ዘበኛ ቢቆምም፣ ዘሩ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ነው።

ራስን መቻል ወደ እውነት የቀረበበት ጓሮ ቢፈለግ የሚገኘው በእንሰት አገር፣ በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦና በአካባቢያቸው ነው። እንሰት መልኩ ሙዝ የሚመስል፣ የሚበላው ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ከመሬት ሥር ያለው ኮረቱ የሆነ ተክል ሲሆን፣ በዱር በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ይበቅላል፤ አላምዳ ምግብ ያደረገችው ግን ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ቢሆንም፣ አንዴ ከደረሰ በተፈለገ ጊዜ ሊቆረጥ ስለሚችል ዝናብ በቀረበት ዓመት ከቤቱ አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ስንቅ ይሆናል። ግንዱ ተፍቆ፣ ኮረቱ ተከትክቶ በጉድጓድ ውስጥ በገዛ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ሲብላላ ቆጮ ይባላል፤ ከፍቁ የሚጨመቀው ውሃ ረግቶ ከሥሩ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ፣ ተቀቅሎ የሚበላው ኮረት ደግሞ አሚቾ ነው፤ ከፍቁ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ሆኖ ለገመድ ይውላል። ቅጠሉን ከብቶቹ ይበሉታል፣ የከብቶቹ ፍግ ተመልሶ ወደ እንሰቱ ሥር ይገባል፤ ስለዚህ ምግቡ፣ ገመዱ፣ መጠቅለያውና ማዳበሪያው በአንድ አጥር ውስጥ ይዞራሉ። ይህንን ዑደት የሚያወድሱ ጽሑፎች አዘውትረው የሚዘነጉት አንድ ነገር ቢኖር፣ መፋቁና መከትከቱ፣ መቅበሩና ማውጣቱ የሴቶች ሥራ መሆኑን ነው፤ ጓሮው ራሱን ቻለ ሲባል በሥራው የቻለችው አብዛኛውን ጊዜ እርሷ ናት።

በሰሜኑ ደጋ ግን ዑደቱ የሚበጠስበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ምድጃው ነው። ከቤት ተጠርጎ የሚወጣው ጥራጊ፣ አመድና ፍግ በየዕለቱ ስለሚደፋበት ለቤት የቀረበው መሬት ከሩቁ ማሳ ይልቅ የጠቆረና የሰባ ይሆናል፤ ነገር ግን ደኑ ከተመናመነ ወዲህ ፍጉ ተጠፍጥፎ በፀሐይ ደርቆ ኩበት ሆኖ ስለሚነድ፣ መሬቱን ሊያሰባ የሚገባው ነገር እንጀራ መጋገሪያ ይሆናል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የመጣውም እንደ ልማዱ የውጭ ዜጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ በጥቂት ዓመታት ጨርሳ፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር፤ በዚያው ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥና ፈጥኖ የሚያድግ በመሆኑ ከተማዋን በስፍራዋ አጸናት። ከዚያም ወደ ባላገሩ አጥር ወረደ፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ከጥላው ሥር ሌላ አያበቅልም እየተባለ ቢከሰስም፣ ለማገዶ፣ ለቤት ግድግዳና ለልጅ ትምህርት ቤት ወጪ የሚሸጠው እርሱ ስለሆነ እስከ ዛሬ ከአጥሩ አልወጣም።

ከተክሉ አልፎ ወደ ኑሮው ሲገባ፣ ራሱን የቻለ የሚባለው ቤት ያለ ጎረቤት አንድ ቀን እንኳ አያድርም ነበር። ክብሪት ባልተስፋፋበት ዘመን ምድጃው የጠፋባት እመቤት ልጇን ከጎረቤት እሳት እንዲጭር ትልክ ነበር፤ ሊጡን የሚያቦካው እርሾም ሲበላሽ የሚገኘው ከጎረቤት ነው። አጨዳው፣ ውቂያውና የቤት ክዳኑ በደቦ ይሠራ ነበር፤ ደቦ ባለቤቱ ጠላና ምግብ አዘጋጅቶ የሚጠራው የጋራ ሥራ ሲሆን፣ በወንፈል ደግሞ የተሠራለት ሰው ጉልበቱን ቆጥሮ ይመልሳል። ማረሻው ከቀጥቃጭ፣ ጋቢው ከሸማኔ፣ እንስራው ከሸክላ ሠሪ ይመጣ ነበር፤ የሚያሳዝነው እነዚህን ባለሙያዎች ማኅበረሰቡ ያለ እነርሱ መኖር እየተሳነው ይንቃቸው የነበረ መሆኑ ነው።

ከሁሉም በላይ ጓሮው ከቶ ሊያበቅለው ያልቻለው ነገር ጨው ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ የተባለው ነጋዴ የአክሱም ነጋዴዎች ሳሱ ወደሚባለው አገር ከብት፣ ብረትና ጨው ወስደው በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገሪቱን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ተመልክቷል። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተፈልጦና ተጠርቦ በግመልና በአህያ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ጨው፣ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በየገበያው እንደ ገንዘብ ሲከፈል ኖሯል። እንግዲህ ከማንም አልፈልግም የሚለው ባላገር ለዕለት ወጡ ጣዕም ሲል የአፋሩን ጨው ፈላጭ፣ የሲራራ ነጋዴውንና የኬላ ቀረጥ ተቀባዩን ሁሉ ይፈልግ ነበር።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ በታለፈ። የሰው አካል ከአንገት ሥር ያለችው የታይሮይድ ዕጢ እንድትሠራ አዮዲን የተባለ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ያስፈልገዋል፤ ይህ ንጥረ ነገር ከተራራማ አገር አፈር በዝናብና በጎርፍ እየታጠበ ስለሚሄድ፣ በዚያ አፈር የበቀለ እህልና አትክልት የሚይዘው አዮዲን አነስተኛ ነው፤ ዕጢዋም የጎደላትን ለማካካስ ስትታገል ታብጣለች፣ እብጠቱም እንቅርት ይባላል። በዚህ ስሌት ለእንቅርት ይበልጥ የሚጋለጠው ሁሉን ከገዛ መሬቱ የሚበላው፣ ማለትም ይበልጥ ራሱን የቻለው ቤት ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የጓሮው ተወላጅ የተባለው ጎመን አካል አዮዲንን እንዳይጠቀም በመጠኑ የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች ካሏቸው ተክሎች ወገን ነው። አገሪቱ ቀድሞ ይህን ጉድለት የሚሞላውን አዮዲን የገባበት ጨው በብዛት ታገኝ የነበረው ከኤርትራ ወደቦች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህን መንገድ ሲዘጋው ገበያው አዮዲን ወዳልተጨመረበት የአፋር ጨው ዞረ፤ ማንኛውም ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት በሚል መርሐ ግብር እያንዳንዱ ቤተሰብ ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ዶሮውንና ማሩን ከደጁ እንዲያገኝ መንግሥት ሲቀሰቅስ፣ ጨው ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ስለ ጨው የሚመክሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ አዮዲኑ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚባክን፣ ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ ርቆ እንዲቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል እንዲጨመር፣ ጎመኑን ከጓሮዋ ቀጥፋ ለምታበስለው እመቤት ያስተምራሉ።