ማልዶ የሚሠራ፣ ቀትር ላይ የሚያምፅ

ሰኔ ለደጋ ሰው ካፖርትና ጭቃ ነው። ለሽንሌ ሰው ግን ሐሩርና አቧራ ነው። ይህን በወሬ እንጂ በገላችን አናውቀውም ነበር። ፈተናችንን ጨርሰን ከድሬዳዋ በስተሰሜን ወደምትገኘው ወደዚችው ከተማ በወረድን በሦስተኛው ቀን ግን ዐወቅነው።

ያረፍንበት ዘመዳችን በአንድ ትምህርት ቤት መምህር ነው። «እናንተ የዩኒቨርሲቲ ልጆች አይደላችሁም? እስቲ ይህን ኮምፒዩተር እዩልን» አለን። እኛም ደረታችንን ነፍተን ገባን። ነገሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው ያረጀ ነው፤ ጥቂት ሠርቶ ድርግም ይላል። ሪስታርት ሲያደርጉት ቬንትሌተሩ ይጮኻል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። በሆዱ ደግሞ የ4 ክፍል ተማሪዎች ውጤት አለ። የመጀመሪያው መንፈቅ ወረቀት በምስጥ ተበልቷልና ሌላ ቅጂ የለም። ካርድ የሚታደልበት ቀን 5 ቀን ቀርቶታል።

ምን አደረግን? የስክሪኑን ገመድ ነቅለን ሰካን። ሜሞሪውን አውጥተን እግሩን በላጲስ ጠረግን። ቁልፉን ደጋግመን ተጫንን። ምንም የለም። ከዚያ በኋላ የማያውቅ ሁሉ የሚሸሸግበትን ቃል አወጣን፤ «ቫይረስ ነው!» አልን። ፎርማት ይደረግ ብለንም ፈረድን። ፎርማት ማለት ያንን ሁሉ ውጤት መጥረግ መሆኑን እያወቅን፣ «ምናልባት ይተርፋል» ብለን ዘመዳችንን አባበልነው። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

በር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ ሰሙን። ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ ናቸው። ያ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሽንሌ በኩል አልፎ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው አሮጌው ሐዲድ ስንቱን ባለሙያ እንዳፈራ ልብ ይሏል።

«ልጆቼ፣ መቼ መቼ ነው የሚያምፀው?» አሉን።

«ሁልጊዜ ነው፣ አደር» አልናቸው።

«አይደለም። ጧት ይሠራል፤ ፀሐይ ስትበረታ እምቢ ይላል። እኔ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ባቡር ላይ ሳለን ሞተር ሲግል ራዲያተሩን ነበር የምናየው።»

እርስ በርሳችን ተያየን። ሦስት ቀን ሙሉ መሣሪያውን ነካክተን ሰዓቱን አላየንም ነበር!

በማግስቱ ከጧቱ 12 ሰዓት ገባን። እውነትም ተከፈተ። ከሁሉ አስቀድመን ውጤቱን በፍላሽ ገለበጥን። ከዚያም አጥፍተን፣ ገመዱን ነቅለን፣ ሣጥኑን ፈታነው። በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የብረት ማቀዝቀዣ በአቧራ ተደፍኖ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል፤ ከሥሩ የነበረው የሙቀት ቅባትም ደርቆ ፍርፋሪ ሆኗል። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ሳይበርድ ሲቀሰቅሱት መልሶ ይወድቃል። ሪስታርት ዕረፍት አይደለምና የጋለውን አያበርድም። እኛ ደጋግመን ስንጫነው የደከመን በሬ በአለንጋ እንደ መግረፍ ነበር።

በቀለም ብሩሽ ጠረግነው። ከድሬዳዋ ቅባትና ሲአር 2032 የሚባለውን ሳንቲም የመሰለ ባትሪ ገዛን። ቁጥሩ ትርጉም አለው፤ ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኃይሉም 3 ቮልት። አሮጌው ባትሪ ሞቶ ስለነበር መሣሪያው ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር ቀኑን ረስቶ ወደ 2002 ይመለሳል። በማን አቆጣጠር እንደሆነ ቢያከራክረንም፣ በየትኛውም ቢሆን የዛሬ ልጆች ካርድ ላይ የሚጻፍ ዓመት አልነበረም።

ያን ዕለት በቀትር ሦስት ጊዜ ሪስታርት አደረግነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ተነሣ። ካርዱም በቀኑ ታደለ። ሊመሰግኑን የመጡትን ወላጆች ወደ በሩ ላክናቸው።

የተማርን ነን ባዮች ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! በዚህ ዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትሄዱ የሰው ዕቃ እንድትጠግኑ መጠየቃችሁ አይቀርም። መጀመሪያ ቅጂ አስቀሩ። ቀጥሎም በሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁ። ከሁለቱ አንዱን እንኳ ሳናደርግ የ4 ክፍል ልጆችን ድካም ልናጠፋ አንድ ቁልፍ ብቻ ቀርቶን ነበር።