ሰሊጥ፣ ከርከዴና የአረጋውያን ትዝታ

የገዳሪፍ ምድር በጥቁር አፈሩ፣ በማሽላውና በሰሊጡ ይታወቃል። መኸር ሲደርስ የሰሊጥ ጆንያ የጫኑ መኪናዎች ወደ ከተማዪቱ የእህል ገበያ ይተማሉ። ከድንበሩ ማዶ ያሉት ሁመራና መተማም የሚኖሩት በዚሁ ቅንጣት ነው፤ በአረምና በአጨዳ ወራት ድንበር ተሻግረው በገዳሪፍ እርሻዎች የቀን ሥራ የሠሩ ኢትዮጵያውያንም ጥቂቶች አይደሉም። ሌሎች ደግሞ የመጡት ጦርነትና ረኀብ አሳዷቸው ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለው የኡም ራኩባ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ዳግመኛ በስደተኞች ተሞላ።

ሰው ከቤቱ ድንገት ሲወጣ የመሬት ደብተሩን፣ የጋብቻ ውሉን፣ ፎቶግራፉን ጥሎ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የቤተሰቡ መዝገብ የአረጋውያን አእምሮ ብቻ ነው። የዘር ሐረጉን፣ የርስቱን ወሰን፣ የሟቾቹን መቃብር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። እኒህ አረጋውያን የልጆቻቸውን ስም ማምታታት፣ የሰፈሩን መንገድ መሳት ሲጀምሩ ጎረቤት «ጃጅተዋል» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን የመርሳት በሽታ ከእርጅና ጋር የግድ የሚመጣ ዕጣ አይደለም፤ አንጎልን የሚጎዳ ሕመም ነው። ዋነኛውን ዓይነት ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ ገልጾታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ታዲያ ምግብ አእምሮን ሊጠብቅ ይችላልን? ተስፋው ያለ ምክንያት አልተወለደም። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ከዚህ ሥራ የሚተርፉት ፍሪ ራዲካል የተባሉ ቅንጣቶች ስብ የሞላበትን የአንጎል ሕዋስ ያጠቃሉ። አንቲኦክሲደንት የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ደግሞ ይህን ጥቃት ያበርዳሉ። ሰሊጥ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው፤ ሰሳሚንና ሰሳሞሊን የተባሉ ውሕዶች አሉበት። ሲቆላም ከሰሳሞሊኑ ሰሳሞል ይወጣል፤ የሰሊጥ ዘይት ቶሎ የማይበላሸው በከፊል በዚህ ነው። የከርከዴ ቅላት የሚመጣው አንቶሳያኒን ከተባለ ሌላ አንቲኦክሲደንት ነው። በቀይ ማሽላና በቡናም ውስጥ ተመሳሳይ ውሕዶች ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ በብልቃጥና በአይጥ ላይ የታየ ነገር ሁሉ በሰው ላይ አይደገምም። በአሜሪካ 7,540 በዕድሜ የገፉ ወንዶች የተካፈሉበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ቫይታሚን ኢም ሆነ ሴሌኒየም በክኒን መልክ መውሰድ የመርሳት በሽታን እንዳልተከላከለ አሳይቷል። ስለዚህ «ይህ ዱቄት የጠፋን ትዝታ ይመልሳል» እያለ ከድኻ ቤተሰብ ገንዘብ የሚሰበስብ ነጋዴ የሚሸጠው ተስፋን እንጂ መድኃኒትን አይደለም።

ይህ ማለት ከርከዴውም ሰሊጡም ይጣል ማለት አይደለም። ጥቅማቸው ምናልባት በሌላ በር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ሙከራ፣ ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ 65 ሰዎች ለስድስት ሳምንት የተከፈሉት ከርከዴ በሚጠጡና ተመሳሳይ ጣዕም ያለው ሌላ መጠጥ በሚጠጡ ወገኖች ነበር። በቀን ሦስት ስኒ ከርከዴ የጠጡት የላይኛው የግፊት መጠናቸው በአማካይ በ7 ነጥብ ገደማ ሲቀንስ፣ የሌሎቹ የቀነሰው በ1 ነጥብ ያህል ነው። ደም ግፊት ደግሞ የአንጎልን ደም ስሮች የሚጎዳ ዋና ጠላት ነው። ዳሩ ግን በገዳሪፍ ከርከዴም ሆነ ቡና ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በስኳር ታጅቦ ነው፤ የስኳር በሽታም ለመርሳት ያጋልጣል። ከርከዴው የሰጠውን ስኳሩ ይነጥቀዋል። የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰውም ክኒኑን በከርከዴ መተካት የለበትም።

ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተሰየመ የሊቃውንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ሊለወጡ የሚችሉ 14 የአደጋ ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን ሕመም መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ገምቷል። ከነዚህ መካከል ደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ የትምህርት ማነስ፣ ድብርትና ብቸኝነት ይገኙበታል። ስደት እኒህን አብዛኞቹን ያባብሳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ የተጀመረው ጦርነት ደግሞ ገዳሪፍን የሌሎች ተፈናቃዮችም መጠጊያ አድርጓት፣ ክኒን ማግኘትንና ሐኪም ማየትን ይበልጥ አክብዶታል።

እንዲህም ሆኖ በቤተሰብ እጅ የቀረ ነገር አለ። ግፊትን ማስለካት፣ ስኳሩን መቀነስ፣ ዓይናቸው የፈዘዘውን መነጽር መፈለግ ከማንኛውም ዱቄት ይበልጣል። ቡና ሲፈላም አረጋውያኑን ጥግ ላይ ከመተው ይልቅ አቦሉን ለእነርሱ ቀድቶ ማስወራት ይገባል። የሚነግሩትን የዘመድ ስምና የአገር ወሬም ከልጆቹ አንዱ ደብተር ይዞ ይጻፈው።